አፍሽን ክፈቺ ያልኳት ሴት

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ቆይቼ ነው። መስተዋት ፊት ቆሜ ጥርሴን በፋቅሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጥርስ ደግሞ በየቀኑ ነው የሚፋቀው፤ ስለዚህ በየቀኑ ነው የማፍረው።

ሰይድ እባላለሁ፤ ትውልዴ ወሎ ነው። መቐለ ስገባ ጢም እንኳ አላበቀልኩም ነበር። መጀመሪያ ጨርቅ በትከሻዬ እያዞርኩ ሸጥኩ፣ ቀጥሎ ስፌት ተማርኩ፣ አሁን ሓወልቲ አካባቢ ባለች አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ኃላፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። ባለቤቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው። እኛ ኣደይ ለተ ነው የምንላቸው፤ እናታችን እንደ ማለት ነው። ሠራተኛ የሚቀጥረው ግን እኔ ነኝ።

ኣደይ ለተ አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው የስፌት ማኪና ላይ አይቀመጥም። "የልጅ ቦታው ትምህርት ቤት ነው" ይላሉ፣ አለቀ። ችግሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ፈልገው የሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም። መታወቂያው ቤት ውስጥ ቀርቷል፣ ቤቱ ደግሞ የለም። እዚህ ያለው ቀበሌ ደግሞ አያውቃቸውም።

እኔም አንድ ብልሃት አገኘሁ። ምነው ባላገኘሁ!

አባቴ የከብት ነጋዴ ነበር። በሬም ይነግዳል፣ በቅሎም። ልጅ ሆኜ ገበያ ይዞኝ ይሄድ ስለነበር ከንፈር ገልጦ ጥርስ ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው። "ሻጭ ይዋሻል፣ ጥርስ አይዋሽም" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ የበሬን ዕድሜ ዛሬም ቢሆን ጥርሱን አይቼ እነግራችኋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ደግሞ የሰው የመጨረሻው መንጋጋ፣ የጥበብ ጥርስ የሚሉት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላ ነው የሚበቅለው ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አጋጠምኩና በአንድ ጊዜ ሐኪም ሆንኩ።

ወረቀት የሌላት ስትመጣ አፏን አስከፍታለሁ። በስልኬ መብራት ጥግ ጥጉን አያለሁ። የመጨረሻው መንጋጋ ካለ ትቀጠራለች፣ ከሌለ "ሂጂ ተማሪ" ነው መልሴ። ሰፊዎቹ "ዶክተር ሰይድ" ይሉኝ ጀመር። እያሾፉብኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። "ቀልድ መሰላችሁ? በዚህ ሙያ ጥርሴን የነቀልኩ ነኝ" እያልኩ እጎርር ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሰባት ስምንት ሴቶች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ከመሀላቸው ብርኽቲ የምትባል ነበረች። አጭርና ቀጭን ናት፣ ፊቷም የልጅ ፊት ነው። እኔ ማንንም ከመቅጠሬ በፊት የሸሚዝ ኪስ አሰፋለሁ፤ ፈተናዬ እሱ ነው። ብርኽቲ ማኪናውን ዳሰስ አደረገችው፣ ክሩን አየች፣ ከዚያ አንዴም ሳታቆም ሰፍታ ሰጠችኝ። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። "አያችሁ?" አልኳቸው ወደ ሰፊዎቹ ዞሬ።

"ዕድሜሽ ስንት ነው?" አልኳት።

"ሃያ አራት።"

"መታወቂያሽስ?"

"ስንሸሽ ቀረ።"

"እንግዲያው አፍሽን ክፈቺ።"

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ስልኬን ሳበራ ስታይ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። ሰው ነውና ያፍራል፣ ሴት ልጅ ናት፣ ደግሞ በማታውቀው ሰው ፊት። እኔ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብዬ፣ "ሁሉም ይከፍታል፤ አንቺ ምን የተለየ አለሽ?" አልኳት። ከፈተች። አገጯን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መብራቱ አዞርኳት። ላይም የለም ታችም የለም፤ ግራም ቀኝም የለም።

"ሃያ አራት ነው ያልሽኝ? አንቺ እኮ ገና ጥርስሽን አልጨረስሽም!" አልኩ።

ሰፊዎቹ ሳቁ። የተሰለፉት ግን አልሳቁም፤ ተራቸው ይመጣላ።

"ልጅ አለችኝ" አለች ብርኽቲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ስድስት ዓመቷ ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ላስገባት ብዬ ነው ሥራ የምፈልገው።"

"ታናሽ እህትሽ ትሆናለች" አልኳት።

አፈር ልብላ፣ እንዲህ ነው ያልኳት። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። እኔ የያዝኩትን አገጯን በነጠላዋ ጠረገችና "ሓወይ፣ ገበያ የወጣሁ መሰለህ?" ብላኝ ወጣች። ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። እኔ ተበሳጨሁ እንጂ አላፈርኩም። "ምላሷ ግን አሥራ ስምንት አልፎታል" ብዬ ሰዉን ሁለተኛ አሳቅሁ።

የሰፋችው ኪስ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። መጣሉ አሳሳኝና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ የምትቀጠር ሁሉ "ኪስ ማለት ይሄ ነው፣ እንዲህ ነው የሚሰፋው" እያልኩ በእሱ ነው የማስተምራት። ሴትዮዋን አባርሬ በእጇ ሥራ እኩራራ ነበር ማለት ነው።

ከአራት ወር በኋላ መንጋጋዬን አመመኝ። የጥርስ ሕመም ለጠላትም አይስጠው! ሦስት ቀን በቅርንፉድ ያዝኩት፣ እንቢ አለኝ። በአራተኛው ቀን ጉንጬን ደግፌ ሮማናት አካባቢ ወዳለ የጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ሸበቶ፣ እርጋታ ያላቸው ሰው ናቸው። ወንበሩ ላይ አጋድመውኝ፣ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት "አፍህን ልይልህ፣ ይፈቀዳል?" አሉኝ። ምን ያስፈቅዳል፣ ለዚህ አይደል የመጣሁት ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

"ዶክተር፣ የጥበብ ጥርሴ ነው መሰለኝ" አልኳቸው።

ራጅ አነሱኝ። ሥዕሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍተው አዩና ፈገግ አሉ። "የቱ የጥበብ ጥርስ? የለህም እኮ።"

"ወልቆ ይሆን?"

"አልበቀለም። ከሥርም ምንም የለም። ያመመህ የተበላው መንጋጋ ነው። ያንተ ጥርስ ሃያ ስምንት ነው።"

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። የአራት ልጆች አባት ነኝ። የስንቱን ሰው አፍ በመብራት ስበረብር የራሴን አንድ ቀን ቆጥሬው አላውቅም ነበር!

"እንዴት ይሆናል?" አልኳቸው። እሳቸውም በትዕግሥት አስረዱኝ። አንዱ ሰው አራቱንም ያበቅላል፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ አንድ ብቻ፤ እንደ እኔ ጨርሶ የማያበቅልም አለ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሚያወጣ አለ፣ በሃያ አምስት የሚያወጣ አለ፣ አጥንት ውስጥ እንደተጋደመ የሚቀርም አለ። የጥንት ሰዎች መንጋጋቸው ትልቅ ነበር አሉኝ፤ ሥራ ሥሩንም ጥሬ ሥጋውንም ሲያኝኩ ይውሉ ነበርና። እሳት መጣ፣ እህል ተፈጨ፣ ምግብ በሰለ። በብዙ ሺህ ዘመን ውስጥ መንጋጋ እያነሰ ሲሄድ ለመጨረሻው ጥርስ ቦታ ጠበበው። "ምክንያቱን አጥንተው አልጨረሱትም፤ ለውጡ ግን በየሰዉ አፍ ይታያል። ሁሉም ላይ እኩል አልደረሰም" አሉኝ።

"ከጦጣ መጣህ ሊሉኝ እንዳይሆን። እኔ ሰጋጅ ነኝ" አልኳቸው።

"እኔም ቆራቢ ነኝ" አሉ እየሳቁ። "መንጋጋህ ግን ይኸው፣ ራስህ እየው።"

አየሁት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ከአፌ አመለጠችኝ። "ታዲያ በዚህ ጥርስ የሰው ዕድሜ አይታወቅም?"

"በእሱ ብቻ? በፍጹም! በቅሎ ልትገዛ ነው እንዴ?"

እሳቸው ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ እንደተጋደምኩ ብርኽቲ ትዝ አለችኝ። "ገበያ የወጣሁ መሰለህ?" ያለችው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። በእኔ ሚዛን እኔ ራሴ አሥራ ስምንት አልሞላኝም። ጥርስ አላት ብዬ ካስገባኋቸው መሀልም ገና ልጅ የሆነች ልትኖር ትችላለች። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ግድግዳው ላይ ያለው ኪስ ነው። አንዲት አዲስ ሠራተኛ "ማን ነው የሰፋው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አቀረቀርኩ። ቀና ብዬም ላያት አልቻልኩም።

እውነቱን ልናገርና፣ ወዲያው አልሄድኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። "ሌላ ሥራ አግኝታ ይሆናል" አልኩ። "ረስታው ይሆናል" አልኩ። በመጨረሻ ከሰፊዎቹ አንዷ የት እንደምትውል እንደምታውቅ ሰማሁና በእሷ ልልክባት አሰብኩ፤ ሥራ አለልሽ ነይ ብቻ በያት፣ ሌላ አትጨምሪ ልላት። ለዚያ ግን ኣደይ ለተን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ።

"ያቺን ኪስ የሰፋችውን ነው አፍ ያስከፈትካት?" አሉኝ።

"አዎ።"

"በእኔ ቤት?"

"ሰው አትላክ" አሉኝ። "ስታሳፍራት ሰው አልላክህም።"

ብርኽቲን ያገኘኋት እዚያው ሓወልቲ አካባቢ፣ ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ላይ አሸዋ ስትሸከም ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ሩብ ሰዓት በእግር አያስኬድም። አራት ወር ሙሉ እዚያ ነበረች። ገና ስታየኝ አወቀችኝ፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ያ ቀን ምነው ባልነጋ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አጥፍቻለሁ" አልኳት። የጥርሱን ነገር፣ ሐኪሙ ያሉትን፣ ሁሉንም እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ሥራው እንደሚጠብቃትም ነገርኳት። የሸክሙን ሳጥን ሳታወርድ ሰማችኝ።

"ልጅሽ ትምህርት ጀመረች?" አልኳት፣ የምለው ሲጠፋኝ።

"ምዝገባው አለፈ" አለች። "ቤት ነው የምትውለው። ለከርሞ።"

ከዚህ በላይ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የአንዲት ሕፃን አንድ ዓመት በእኔ ዕውቀት ተበላ።

"ያን ቀን የሳቁት አሉ?" አለችኝ።

"አሉ።"

"እንግዲያው ይሄንን እነሱ ባሉበት በለኝ። ነገ እመጣለሁ።"

መጣች። ማኪናዎቹን ሁሉ አስቆምኩ። ኣደይ ለተም በሩ ላይ ቆመዋል። ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር ጠፋኝ፣ ብቻ አልኩት። ዋሽታ እንዳልነበረ፣ የማላውቀውን እንዳወቅሁ ሆኜ እንዳዋረድኳት፣ ልጇንም እህትሽ ናት ብዬ እንደካድኳት ተናገርኩ። ያ አላጠገበኝም መሰለኝ፣ ስልኬን አብርቼ በእጇ አስያዝኳትና አፌን ከፈትኩላት። "እዪ፣ የእኔም የለም። ቁጠሪው!" አልኳት። ቢስቁብኝ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ።

ማንም አልሳቀም። ብርኽቲ ስልኩን አጥፍታ መለሰችልኝ።

"ዝጋው ሓወይ" አለችኝ። "እኔ የሰው አፍ አላይም። ማኪናዬ የትኛው ነው?"

አሁን ወረቀት የሌላት ስትመጣ ከአገሯ የሚያውቋት ሁለት ሰዎች ይመሰክሩላታል፣ በቃ። ይህን ያመጡት ኣደይ ለተ ናቸው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር! ጥርስ የላችሁም ብዬ የመለስኳቸውን ሌሎቹን ሴቶች ፈልጌ ነበር፤ የብዙዎቹን ስም እንኳ አልያዝኩም፤ አፋቸውን እንጂ ስማቸውን አልጠየቅሁም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እነሱም ይቅር ይበሉኝ፤ የትም ይሁኑ።

የብርኽቲ ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ጀምራለች። ዩኒፎርሟን እናቷ ናት የሰፋችላት። ብርኽቲ ለእኔም ክፉ አይደለችም፤ ጠዋት ሰላም ትለኛለች፣ ያዘዝኳትን ትሠራለች፣ ስሳሳትም ትነግረኛለች። ሳቂታም ናት። ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ገና ግቢው ውስጥ ሳለሁ ድምጿ ይሰማኛል።

በሩን ከፍቼ ስገባ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። ውሎ ሲያድር ትተወዋለች ብዬ ነበር። ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው፤ አልተወችውም።