የአንለይ ሁለተኛ ሽቦ

የወረታ ሰው ዛሬም «አንለይ ባለ ሁለት ሽቦ» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ! የሚስቀው የነገሩን ግማሽ ብቻ ስለሚያውቅ ነው። ሙሉውን የሰማ ግን አንለይ ሲያልፍ ብድግ ብሎ እጅ ይነሣዋል።

አንለይ ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። ልጅነቱን ጣራ ገዳም ዜማ ሲማር አሳልፎ፣ ድጓውን ሳይጨርስ ባሕር ዳር ወርዶ ሙያ ለመደና ወረታ አውራ መንገዱ ዳር ሱቅ ከፈተ። ከይፋግም ከአንበሳሜም ገበሬው ዝም ያለ ሬድዮውን በጋቢ ጠቅልሎ ይመጣለት ነበር። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ ደግሞም ነበር።

ጉዱ የመጣው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። የገላነሽ ጠጅ ቤት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ነበሩት። በየሣጥኑ ውስጥ አንድ ትልቅ አፍ ወፍራሙን ድምፅ፣ አንድ ትንሽ አፍ ቀጭኑን ያወጣል፤ ሁለቱንም የሚመግባቸው ከቴፑ የሚመጣ አንድ ሽቦ ነው። አንለይ ይህን ሲያይ የቄስ ትምህርት ቤት አእምሮው ተነሣበት። «ወፍራሙ ዕዝልና ቀጭኑ አራራይ በአንድ በር ሲወጡማ ይጋፋሉ!» አለ። «ወፍራሙ ለብቻው፣ ቀጭኑ ለብቻው መንገድ ይሰጠው።» ለየሣጥኑ ሁለተኛ ሽቦ ዘረጋ፤ ካሴቱን ከፈተ። ጠጪው ሁሉ «ኧረ በስመ አብ! መሲንቆው እኮ እቤት ገባ!» አለ። ማን ያልሰማ ይባላል? አንዱ ሰማሁ ካለ ሌላውም ሰማ። በሳምንቱ ወሬው ፎገራን ሞላው።

ወሬው ከቀበሌው ሊቀ መንበር ከጓድ ደረሰ ጆሮ ገባ። የአብዮት በዓል ደርሷል፤ የአዳራሹ ስፒከር እንደ ተጎዳ ሰው ያቃስታል። ጓድ ደረሰ አንለይን አስጠራው።

«የአዳራሹን እንደ ገላነሽ ቤት አድርግልኝ» አለው። «ሽቦ አለ።»

«የቱ ሽቦ፣ ጓድ ሊቀ መንበር?»

«የመሠረተ ትምህርቱ ነዋ። እነሱ ለከርሞ ይደርሳቸዋል።»

አንለይ ሽቦውን ያውቀዋል። ያ ጥቅል ሽቦ በስንት ደጅ ጥናት የመጣ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ እስከ መሠረተ ትምህርቱ ቤት መብራት ሊስብ ነበር። ቀን ከብትና እርሻ ላይ የሚውለው ሰው የሚማረው ማታ ነው፤ ጋዝ ከጠፋ ወዲህ ግን ኩራዙም ጠፋ፤ ትምህርቱም ቆመ። ከተማሪዎቹ አንዷ ደግሞ የራሱ ሚስት አማከለች ናት። ፊደሉን ለይታ፣ ቃል መግጠም ልትጀምር ስትል ነው የጨለመባት።

ቤት ገብቶ ነገራት። አማከለች የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«እንዴ! ያንተ ሁለተኛ ሽቦ የኔን አንደኛ ወሰደው?»

«ምን ላድርግ? ትእዛዝ ነው።»

«እሽ። ግን እውነት ይጠቅማል? ድምፁ እውነት ይሻላል? የሚሻል ከሆነ ይውሰዱት፣ እኔም ከርሞ እማራለሁ። ማልልኝ።»

ሊምል አፉን ከፈተ፤ አልሆነለትም። ራሱ አመሰገነው፣ ሰው አመሰገነው እንጂ፣ ነገሩን አንድም ቀን ፈትኖት አያውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ የገላነሽን አንድ ስፒከርና የባትሪ ቴፑን በአህያ ጭኖ ጣራ ገዳም የዜማ መምህሩ ወደነበሩት ወደ መሪጌታ ተክለ ማርያም ገሰገሰ።

መሪጌታ ተማሪ ሲያስቀጽሉ፣ ዜማ ሲያስደግሙ፣ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው ነው የሚሰሙ። «ፊት ካየሁ ጆሮዬ ያዳላል» ይላሉ። አንለይ ለዚህ ነው የመጣ።

«ይሸፈኑልኝ፣ አባ» አላቸው። «በአንድ ሽቦና በሁለት ሽቦ እያፈራረቅሁ ላሰማዎ፤ የቱ እንደሚሻል ይፍረዱ።»

መሪጌታ ሳቁ። «እኔ በሽቦ ነገር ምን ዳኝነት አለኝ? የሠራኸው አንተ፣ የምታዳላለት አንተ። ና፣ አንተው ተሸፈን። ሽቦውን እንዴት እንደሚታሰር ብቻ አሳየኝ።»

ተሸፈነ። ሽማግሌው እየዳበሱ አሰሩ፣ ፈቱ፣ ካሴቱን ከፈቱ።

«ይኸ! ይኸ ባለ ሁለቱ ነው፤ ቀጭኑ ጥርት አለ!» አለ አንለይ ከጋቢው ሥር።

«ግለጥ» አሉት። አንድ ሽቦ ብቻ ነበር።

ደገሙት። ተሳሳተ። ሠለሱት፤ አንዴ ያገኛል፣ አንዴ ይስታል፣ እንደ ዕውር በትር። በመጨረሻ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደና መሬቱን እያየ ተቀመጠ። አፈረ። ከዚያም ተናደደ፤ በማን እንደሚናደድ ግን አጣ።

«ልጄ» አሉት መሪጌታ፣ «ትሰማ የነበረው ሽቦውን አይደለም፤ ድካምህን ነው። ድካም ደግሞ ሲሰሙት ደስ ይላል።»

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ዝም ይላል! ካፈርሁ አይመልሰኝ ብሎ ሽቦውን ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሊቀ መንበሩ ይሾመዋል። እውነቱን መናገር በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። የቀበሌን ሥራ «አይጠቅምም» ያለ ሰው «አሻጥረኛ» ይባላል፤ ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ደግሞ የት እንደሚያድር አይታወቅም።

አንለይ ግን በቀበሌው የበዓል ዝግጅት ስብሰባ ቀን አዳራሹ መሐል ቆመ።

«ሁለተኛው ሽቦ ከንቱ ነው» አለ። «ሳልፈትን አወራሁ። ሽቦው ለተማሪዎቹ ይሁን።»

«ምን?» ጓድ ደረሰ ከወንበሩ ተነሣ። «ወረታ በሙሉ የሰማውን? ይኸ አሻጥር ነው!»

«እንግዲያስ ወረታ ይፍረደኛ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ሁሉም ይሸፈን፤ ባለ ሁለት ሽቦው የመሰለው ሰው እጁን ያውጣ።»

ሕዝቡ ተንሾካሾከ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ጋቢውንም ነጠላውንም በፊቱ ላይ ሳበ። ፊቱ የተገለጠ ሰው አንድ ጓድ ደረሰ ብቻ ነው፤ በካኪው ላይ የሚጥለው ጋቢ የለውማ! አንለይ ከሱቁ ባመጣው ቁራጭ ሽቦ ሁለቱን መንገድ ዘርግቶ ካሴቱን ከፈተ። አለፍ አለፍ ብሎ ጥቂት እጅ ወጣ። ሽቦውን ፈታ፤ በአንዱ ብቻ አሰማ። አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ከዚያ ምንም ሳይነካ ያንኑ ደግሞ ከፈተ። የእጁ ግማሽ ወረደ፣ ሌላው ወጣ። ይህን ሁሉ ሊቀ መንበሩ ብቻውን አየ።

ጓድ ደረሰ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ሽቦው ወደ ቦታው ይመለስ» አለ በመጨረሻ። «አንተ ግን ከእንግዲህ የአዳራሹን ሥራ አትነካም። ሂድልኝ።»

አንለይ የቀበሌውን ሥራ አጣ፤ የገላነሽ ጠጪዎችም ለሳምንታት አፌዙበት። ቢሆንም የመሠረተ ትምህርቱን መብራት የዘረጋው እሱ ነው፤ ሌላ የሚችል አልነበረማ። አምፖሉ ሲበራ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አማከለችም የፊተኛውን መደብ ያዘች።

በጋው ሲጋመስ አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት መጥታ ሱቁ በር ላይ ቆመች፤ አትገባም።

«ምነው? ግቢ እንጂ» አላት።

ጣቷን ወደ በሩ ሳንቃ አንሥታ በዝናው ሰሞን በቀይ ቀለም የጻፈውን ትቆጥራለች።

«ባለ… ሁለት… ሽቦ… ድምፅ… እዚህ… ይሠራል።» ዞረችበት። «አንተ! ይኸ ውሸት ነው አላልህም?»

አንለይ ደነገጠ። ያን ጽሕፈት ለማጥፋት አንጀቱ አልቆርጥ ብሎት ከርሟል፤ ሚስቴ ታነበዋለች ብሎማ ከቶ አላሰበም።

«ነው» አለ።

«ታዲያ?»

ሳቁ መጣበት፤ ዕንባውም። ጨርቁን ጋዝ ነክሮ ወጣና በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው እያየው፣ እሷ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራችለት ደመሰሰው።