በቴቬሬ ዳር የተቀበልኩት አደራ

ዛሬም ዝናብ ዘንቦ የሮሙ ወንዝ የቴቬሬ ጭቃ ሲሸተኝ ያ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ድቅን ይልብኛል።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ አንድ ሽማግሌ ለመንከባከብ እዚያው ቤታቸው እያደረች ትሠራ ስለነበር፣ እኔ ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር አክስቴ ዘንድ እኖር ነበር፤ በጋም ሆነ ክረምት እናቴን የማገኛት ሐሙስ ከሰዓት፣ በእረፍቷ ነበር። ያን ሐሙስ ግን እሷን የምትተካት የሽማግሌው ልጅ ከከተማ ወጣችና እረፍቱ ቀረ። እናቴ ዘጠኝ ዓመት ያላየችው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ሮም የሚቆየው ለዚያች ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። ሽማግሌው ለአፍታም ብቻቸውን አይተዉም፣ ከእኔ በቀርም እንግዳ እስከ በሩ አይደርስም፤ ሥራዋን ብታጣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋም፣ አብሮ ይሄድ ነበር።

«ከተማውን እያሳየሽ በረንዳዬ ሥር አምጪልኝ» አለችኝ በስልክ።

አጎቴን ከቲቡርቲና አውቶቡስ ጣቢያ ተቀብዬ የጥንቱን ስታዲየም ኮሎሴዎን ሳሳየው «ይህን ሁሉ ዘመን ሳያድሱት?» ብሎ አሳቀኝ። ወንዙ ዳር ደርሰን፣ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት፣ የጥንቱ ወደብ እዚህ እንደነበር ስነግረው ውሃውን አየና «እኔም በጀልባ ነው የመጣሁት፤ ወደብ ግን አልነበረውም» አለኝ።

እናቴ ሽርጧን እንደታጠቀች ወንዙ ፊት ለፊት ካለው የሽማግሌው ቤት፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ብቅ አለች።

«እታለም! ወፈርሽ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ግን አልቀሃል! የሚያበላህ የለም?»

ከዚያ የመንገዱ መኪኖች ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠውና በዓይን ብቻ ተያዩ። አላፊ አግዳሚው ዞር ዞር ሲል አፍሬ ዛፍ ሥር ተሸሸግሁ። ሽማግሌው ሳይጠሯት አልቀሩም፣ እጇን እያወዛወዘች ገባች። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ጉንጮቼን እያገላበጠ ሳመኝና «ይሄ የእናትሽ ነው፤ አደራ፣ ሳሚልኝ» አለኝ። መሳሳም አልወድም ነበር፤ እናቴን እንኳ የምስማት ለይምሰል ነበር። «እሺ» አልኩት፣ እስከ አውቶቡሱም ሸኘሁት።

አሁን አጎቴ ፊቱን በስልክ እያሳየኝ «እናትሽን ሳሚልኝ» ሲለኝ በጣሊያንኛ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ ብዬ እዘጋለሁ፣ እረሳዋለሁም። ያኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን በትራም ሄጄ ደወሉን ደወልኩ። እናቴ በሩን ስትከፍት አንገቷን ይዤ ጉንጮቿን ደጋግሜ ሳምኩ።

«ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለች እየሳቀች።

«የኔ አይደለም» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ዝቅ አለችና ጉንጯን እንደገና ሰጠችኝ።