ሶኬቱን የነቀልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሆቴል ልትከፍት የተዘጋጀች አንዲት ሴት ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ያለው የዳታቤዝ አማካሪ ቢሮዬ መጥታ፣ «የቱ ዳታቤዝ ይሻለኛል? አንዱን ንገሪኝና ልሂድ» አለችኝ። «መጀመሪያ እንፈትናቸው» ስላት ፊቷን አኮሳተረች። አልፈረድኩባትም። እኔም ይህን የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር አንድ የመድኃኒት ጅምላ ማከፋፈያ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ጋሽ ሱልጣን ረጋ ያሉ ነጋዴ ነበሩ። ሥራው ሲሰፋ የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ በወረቀት መከታተል አቃተንና ዳታቤዝ ሊገዙ ወሰኑ። ሁለት ቀረቡ። አንደኛውን ራሱ ሠርቶ ያመጣው የእህታቸው ልጅ ነስሩ ነው፤ ሥራ መጀመሩ ስለነበር የመጀመሪያ ደንበኛው እኛ ልንሆን ነበር። ገጹ ያምራል፣ ፈጣንም ነው። ሌላኛው ደረቅ ያለ፣ ዓይን የማይስብ ነገር ነው። የቤተሰቡ ልብ ወደ ነስሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የእኔም።

ጋሽ ሱልጣን ግን፣ «ሁለቱንም ሞክሪልኝ። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የምንልከው መድኃኒት ነው፤ ጨርቅ አይደለም» አሉኝ።

ጊዜው ክረምት ነበር። በክረምት የሐዋሳ መብራት መጣ ሲሉት ይሄዳል። በሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት መረጃ ጫንኩና፣ ነስሩ አጠገቤ ተቀምጦ እያየ፣ ሽያጭ እየመዘገብን ሳለ ሶኬቱን ነቀልኩት። መልሰን ስናበራ ደረቁ ሁሉንም ይዞ ተነሣ። የነስሩ ግን የመጨረሻዎቹን ምዝገባዎች አጥቷቸዋል፤ ወጥቷል ያልነውን ኢንሱሊን አሁንም መጋዘን ውስጥ አለ ይላል።



«እስኪ ድገሚው» አለ ነስሩ። ደገምኩት። ያው ነው። ነስሩ ተነሥቶ ወደ አጎቱ ክፍል ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁት።

«አጎቴ፣ የእኔን አይግዙ።»

«ምነው? ልታስተካክለው አትችልም?»

«እችል ይሆናል። እስከዚያ ግን የሌለ መድኃኒት አለ ይልዎታል።»

ጋሽ ሱልጣን ደረቁን ገዙ። ያን ዕለት ሁለታችንንም ሐይቁ ዳር ወስደው ዓሣ ጥብስ በዳጣ ጋበዙን፤ ነስሩ ብዙም አልበላም። እናቱ «የቀረበለትን እንጀራ በእግሩ ገፋ» እያለች ስታዝን እንደከረመች በኋላ ሰማሁ።

የራሴን ቢሮ ስከፍት ማንን እንደምቀጥር ማሰብ አላስፈለገኝም። ዛሬ ነስሩ ከእኔ ትይዩ ይቀመጣል። የራሱን ዕቃ የሚያሞግስ ሻጭ ሞልቷል፤ «የእኔ አይሆንዎትም» ሲል የሰማሁት ግን እሱን ብቻ ነው። ሴትየዋንም ወደ እሱ ጠረጴዛ መራኋት።