እያንዳንዳችን ሁለት ሰጠነው

ዓለምነሽ ፔካ 12 በሚባለው የጅቡቲ የጭነት መኪኖች ማቆሚያ ለኢትዮጵያ ሾፌሮች ምግብ ታበስላለች። አያቷ በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ ጅቡቲ ቀሩ። ሾፌሮቹን ሃያ ዓመት መግባለች፤ ልማዳቸውን ታውቃለች። የጭነት ተራ የያዘ ሰው ከመኪናው አይርቅም። ሲጠራ ከሌለ ተራው ያልፋል፤ ሌላ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሆዱ የተበላሸ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ይውጣል። የሌለው ይጠይቃል። የሚከለክለው የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ገለታ የሚባለው ሾፌር መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ ዓለም፣ ያቺን ክኒን።»

«ምን ሆንክ?»

«ሆዴ ከሞተሬ በላይ ሲጮህ አደረ።»

«ሞተርህንስ ውሃ ታጠጣዋለህ። ራስህን ነው የረሳኸው!»

ሳቀ። ሁለት ሰጠችው። እዚያው ዋጣቸው።

እኩለ ቀን ላይ ከመኪናው ሲወርድ ጎማው ሥር ወደቀ። ዓለምነሽ ታክሲ አስቁማ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ዙለይካ ትባላለች፤ አማርኛ ትችላለች። የልብ ምቱን የሚያሳየውን ወረቀት ተመለከተች።

«ስንት ክኒን ዋጠ?»

«ሁለት።»

«በሁለት ክኒን ልብ እንዲህ አይሆንም። ቁጥሩን ካላወቅሁ ይሞትብኛል።»

ዓለምነሽ ይርዳው የሚባለው ሾፌር ጋ ደወለች።

«ለገለታ ክኒን ሰጥተኸዋል?»

«ሁለት ብቻ።»

«ሌሎቹን ጠይቅ።»

ስልኩ ከጋቢና ወደ ጋቢና ዞረ። እኔ ሁለት። እኔም ሁለት፣ ትናንት ደግሞ ሁለት። ለወንድም ምን ይሰሰታል፣ ሁለት። ዓለምነሽ መዳፏ ላይ ጻፈች። የራሷን ጨምራ ደመረች፤ አላመነችም፤ እንደገና ደመረች።

ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሃያ ስምንት።

«ሃያ ስምንት?» አለች ዙለይካ። «ያለ ሐኪም በቀን ከአራት አይታለፍም! በሁለት ቀን ካልቆመ መመርመር ነው። ትኩሳት ወይም ደም ካለ ደግሞ ጨርሶ አይወሰድም። ደም ነበረው?»

ዓለምነሽ አልጠየቀችውም። ማንም አልጠየቀውም።

ሁለት ቀን ሙሉ የልብ መከታተያው ሽቦ ከደረቱ አልተነሳም። ሐሙስ ዓይኑን ገለጠ።

«ደም ነበረህ?» አለችው ዓለምነሽ።

«ከእሑድ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምን ነካህና ዝም አልክ!»

ገለታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ካንቺ ቤት ነው የምበላው። ወሬው ከወጣ ደጅሽን የሚረግጥ አይኖርም ብዬ።»