የቀኙ ገጽ

በእኛ በኦሃዮዋ ትንሽ ኮሌጅ ተማሪ ሲገባ በትልቁ መዝገብ ግራ ገጽ ይፈርማል፤ ሲመረቅ ደግሞ በቀኙ። በየምረቃው ከኋላ ወንበር የማይጠፉ፣ በግንቦት ሙቀት እንኳ ግራጫ ካፖርታቸውን የማያወልቁ አዛውንት ሴት ነበሩ። ስሙ ለተጠራ ሁሉ ያጨበጭባሉ። የማን እናት እንደሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ዘንድሮ ኮሌጁ ሊዘጋ ነውና የመጨረሻው ምረቃ እንዳበቃ መዝገቡን ወደምጠብቅበት ጠረጴዛ መጡ።

«የ1969ን ታሳየኛለህ፣ ልጄ?»

ገለጥኩላቸው። ጣታቸው በግራ ገጽ አንድ ፊርማ ላይ ቆመ፤ በቀኙ ትይዩው ባዶ ነው። አሳዘኑኝና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።

«ይፈርሙ እማማ፤ ከእንግዲህ ማን ያየዋል?»

እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥመው መለሱልኝ።

«አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ። ‹ለመስከረም እመለሳለሁ፣ ለመስከረም እመለሳለሁ› ስል፣ ይኸው ቀድማችሁኝ ጨረሳችሁ።»