ዘፈን የሌለው ፊልም

ልጆቹ «እማማ፣ ሰው የረሳውን የዱሮ አስጨናቂ ፊልም ለምንድን ነው የምትወጂው? ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ላውራ፣ እነሱ ይጻፉ።

የመጀመሪያ ልጄ በሦስት ወሯ ሞተች። ከቀበርናት በኋላም ስታለቅስ እሰማት ነበር። በቀትር፣ የድሬ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ በከተተችበት ሰዓት፣ ልብስ ሳጥብ ታለቅሳለች። ሮጬ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። አማቴ «ልክፍት ነው» አሉ። ባሌ የባቡር ሠራተኛ ነበርና ቅዳሜ ወደ ደጋ ወስዶ ጸበል ሊያስገባኝ ቆረጠ። እዚያ እብድ በሰንሰለት እንደሚታሰር አውቃለሁ። የባሰው ግን፣ እኔም አብጃለሁ ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤቴ አዝናልኝ ከዚራ ሰፈር ያለው ሲኒማ ቤት ወሰደችኝ። እሷ የምትወደው የህንድ ፊልም ነው፤ ዘፈኑን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች፣ ፍቺውን ግን እሷም አታውቀውም። የዚያን ቀኑ ግን ዘፈን የለው፣ ፈረስ የለው። አንዲት ፈረንጅ ሴት በቤቷ ውስጥ የእግር ኮቴ ትሰማለች፤ ባሏ ምንም ኮቴ የለም ይላታል፣ ሐኪሙም ምንም የለም ይላታል፤ በቃ ይኸው ነው። ደረጃውን ስትወጣ አብሬያት ወጣሁ። አንዲት ጠብታ ደም ሳላይ የጎረቤቴን ነጠላ ጨብጬ ያዝኩ።

አስተርጓሚው፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ሸራው አጠገብ ቆመው በአማርኛም በኦሮምኛም ይነግሩናል። አንዱ ከኋላ፦

«ወርያ፣ ሴትዮዋ መቼ ነው የምትዘፍነው?»

«አንተ ስትወጣ» አሉት።

ወጣ። ብዙው ሰው ተከተለው።

መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ሐኪሙና ባሏ ፊት ቆማ ብዙ ተናገረች። አስተርጓሚው ፊቷን ትኩር ብለው አዩና፣ «ማበዴ አይደለም፣ ማዘኔ ነው። አንተም አልቅስና አግዘኝ፣ ትለዋለች ባሏን» አሉ።

ቤት ገብቼ ያንኑ ቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ለባሌ ነገርኩት። ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እጁ ክሩ ላይ ቀረ። ልጃችን ከሞተች ወዲህ ገና ያን ጊዜ አለቀሰ። ቅዳሜ አማቴ የባቡር ትኬቱ ከሚቃጠል ብለው ራሳቸው ጸበል ሄዱ። እኔ እስከ ክረምት ድረስ ልጄን መስማቴ አልቀረም፤ ግን «ሰማኋት» ስለው ባሌ «ነይ፣ ቁጭ በይ» ይለኝ ጀመር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አስተርጓሚው ሞቱ። ለቅሶ ደርሼ ያን ቃል ለሚስታቸው ባነሳላቸው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ ለካ ሰውዬው የዚያን ፊልም ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም ኖሯል፤ ፊት አይተው ነበር የሚያስተረጉሙት።

«እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት» አሉ ሚስትየዋ፤ «የበኩር ልጃችን የሞተ ጊዜ፣ ለባሌ።»