አውሮፕላን ሲያልፍ የሚሸፈን ቡና

የቡ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ የማድረቂያ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት ሠራተኛ ነገረ ሥራቸው ግራ ያጋባኝ ነበር። ጅማ የሚያርፈው አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሌሎቹ ሴቶች ቀና ብለው ያያሉ፤ እሳቸው ግን ሮጠው ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራው የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን እርጥብ ቡና በላስቲክ ይሸፍናሉ። ግማሽ ሰዓት ካልሞላም አይገልጡትም። በጠራራ ፀሐይ የታፈነ ቡና ደግሞ ይሻግታል። የማጠቢያው ባለቤት አንድ ቀን ደርሶ አየና፣ "ከደገሙት አሰናብታቸው" አለኝ።

ቆጣ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸው በእርጋታ መለሱልኝ። ያደጉት ባሕር ዳርቻ ባለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። እዚያ ሳሉ በነበረው ጦርነት ከተማቸው ከአየር ትደበደብ ነበር። አሸዋው ላይ የተሰጣ ዓሣ በፀሐይ ስለሚያብለጨልጭና ለአብራሪው ዒላማ ስለሚሆን፣ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ተረኛዋ ሴት በጆንያ ሸፍና ነው ወደ መሸሸጊያ ጉድጓድ የምትገባው። አውሮፕላኑ ዞሮ ስለሚመጣ ቶሎ አይገለጥም። ድብደባው ሲያበቃ የጎደለ ሰው ይፈለጋል፣ ዓሣው ይገለጣል፣ ወንዶቹ ጀልባ ጥገና ይገባሉ። ጀልባው የተሰበረበት ሰው ቤት ዓሣ ሳይገባ አይመሽም። እኔ ዝናብ ሲበረታ ከሥራ የምቀር ሰው ነኝ፤ እነዚያን ሰዎች በልቤ እጅ ነሣኋቸው።

"አንድ ቀን ተራው የእኔ ነበር፤ ፈርቼ ጉድጓድ ገባሁ" አሉኝ። "እናቴ ልትሸፍን ወጣች። አልተመለሰችም።"

የባለቤቱን ትእዛዝ የነገርኳቸው እያፈርኩ ነው። ሁለት ልጆች የሚያስተምሩት በዚያ ሥራ ነበር። "እንግዲህ እሞክራለሁ" አሉ።

በማግስቱ ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ሳለ አውሮፕላኑ መጣ። እትዬ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው ቀሩ፤ ዓይናቸው ግን ከላስቲኩ ላይ አልተነሣም። ከጎናቸው ቡና የምትለቅም እኩያቸው፣ ተወልዳ ያደገችው እዚያው የቡ ነው፣ ላስቲኩን አንሥታ ሸፈነችላቸው።

"አንቺ ተቀመጪ" አለቻቸው። "ኑቲ ጂራ፤ እኛ አለን።"

ባለቤቱ ዞሮ አየኝ። የሚያሰናብት ከሆነ ከእኔ እንዲጀምር ነገርኩትና ሄጄ የላስቲኩን ሌላ ጫፍ ያዝኩ። ትቶን ሄደ፤ የማሰናበቱንም ነገር ዳግም አላነሣውም።

እትዬ ከተቀመጡበት ሆነው ያለቅሱ ነበር። "ያን ቀን" አሉ፣ "እናቴን እንዲህ የሚያግዛት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ።"